ሾተላይ ነው አሉ

ካምፓላ ያለን ያገር ልጆች እሑድ እሑድ ስንሰበሰብ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ከአገር በወጣንበት ሌሊት ላይ ነው። አንዱ በውድቅት አጥር ዘሎ ወጥቷል፣ አንዷ ውሻ እንዳይጮህባት ቁራሽ ጥላለት፣ ሌላው በጨለማ ወንዝ ተሻግሮ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ትንሽ አፍራለሁ። እኔ የወጣሁት በቀን ነው፤ ያውም በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በወጣበት፣ ለአማቴ "ደህና ይዋሉ እማማ፣ ልጅቱን አስከትቤ መጣሁ" ብዬ፣ የሳቸውን ጃንጥላ ተውሼ። ጃንጥላውን እስከ ዛሬ አልመለስኩላቸውም።

ይህን የምጽፈው ግን ለጨዋታ አይደለም። ጥሩ የምላት ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያዋን ሳትወልደው አጥታዋለች፣ ሰውም ሁሉ "ሾተላይ ነው" አለ። ሾተላይን እናንተ አገር ቤት ያላችሁ አታጡትም። ፅንሱን በሆድ እያለ የሚመታ፣ የተወለደውንም የሚወስድ፣ ዓይን የማያየው ነገር ነው ይባላል። የኔንም የመጀመሪያ የወሰደው ሾተላይ ነው ተብሎ ነበር። እኔ ግን ሾተላዬን አውቀዋለሁ። ጫማ ያደርጋል፣ እራቱን ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላ ነበር፣ ስሙም ደሳለኝ ነው። ስሙን ቀይሬዋለሁ፣ የእህቴንም ቀይሬያለሁ። የባሏን መንደር ደግሞ ጨርሶ አልጠራም። ያገባችው እንደኔው ያለ ቤት ውስጥ ነው።

ደሳለኝ አዲስ ቅዳም ከተማ የታወቀ የከሰል ነጋዴ ነበር። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከገበሬው በቁሙ ይገዛል፣ ያስቆርጣል፣ ያስከስላል፣ በኬሻ አስሞልቶ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሲያገባኝ ጥሩ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ታምኑኛላችሁ? ነበር እኮ! ተጫዋች ነበር። ከገበያ ሲመጣ ጥቁር እጁን ፊቴ ላይ እየለቀለቀ ያስቀኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፣ እኔንም እንዲሁ ነው የወሰደኝ።

የተቀየረው ካረገዝኩ በኋላ ነው። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ የሱ ፊት እየጠቆረ መጣ። ደክሞኝ ጋደም ካልኩ "አሁንማ ንግሥት ሆነሻል" ይላል። ምግብ አልወርድ ካለኝ "ለሱ ስትይ ትበያለሽ፣ እኔ ስልሽ ግን አትበዪም" ይላል። ሰው ገና ባልተወለደ ልጁ ይቀናል? ይቀናል። በመጀመሪያ ጥፊ ነበር፣ ቀጥሎ ፀጉር፣ ቀጥሎ የከሰል መዛቂያው እጀታ። አንድ ቀን ከምንጭ ዘግይቼ ስገባ "ከማን ጋር ቆምሽ?" አለኝ፤ እንስራውን እንኳ ከጀርባዬ ሳላወርድ። አንዴ ነው የረገጠኝ። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፣ ግን ዓይኑን አይቼዋለሁ። ፊቴን አላየም፣ ሆዴን እያየ ነው የረገጠኝ።

ልጁ ወንድ ነበር። አማቴ ታቅፈው በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት። ክርስትና ስላልተነሳ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባምና ጓሮ ከዲከረንሱ ሥር ተቀበረ። እንስራው ተሰብሮ መሬቱ ላይ ውሃ አለ፣ እኔ ደም ነኝ፣ እሳቸው ይህን ሁሉ በዓይናቸው እያዩ እጃቸውን ታጥበው ወደ በር ወጡና ለጎረቤት "ሾተላይ ነው" አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ምን ልበል? ሾተላይ ቢሆን ያዝኑልኛል፣ ባሌ ነው ብል ደግሞ "ምን አድርገሽው ነው?" ይሉኛል።

ከዚያ ወዲያ ጠበል ተወሰድኩ። ማን እንደወሰደኝ ልንገራችሁ? እሱ ራሱ! መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ አዝሎኝ ዳገቱን ወጣ። ሴቶቹ "እንዲህ ያለውን ባል ለሁሉ ይስጥ" እያሉ መረቁት። እኔ ጀርባው ላይ ሆኜ ምርቃቱን እሰማ ነበር። ከሸሚዙ የሚወጣው የከሰል ሽታ አሁን ይህን ስጽፍም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ሁለተኛውን ስፀንስ የኛ ልማድ አዳነኝ። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ያ የጓሮው ልጅ አልተቆጠረምና ይህች በኩር ተባለች። ስምንተኛው ወር ሲገባ እናቴ መጥታ ግምጃ ቤት ወደሚባለው አገራችን ወሰደችኝ። እዚያ ማስተዋል ተወለደች። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ታውቁታላችሁ፤ ከራስጌዋም ብረት አይጠፋም። እማየ የአባቴን ማጭድ ከትራሴ ሥር አደረገችልኝ፣ ጥሩን ደግሞ "ከእህትሽ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ" ብላ ከጎኔ አስቀመጠቻት። ጥሩ ያኔ ገና ልጅ ናት። እንቅልፍ እንዳይወስዳት ጆሮዋን እየቆነጠጠች ትጠብቀኝ ነበር። "እትየ፣ ሾተላዩ ሲመጣ በምን አውቀዋለሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አታዪውም" አልኳት። ያን መልሴን እስካሁን አልረሳውም።

ሰማንያው ቀን ሞልቶ ልጅቱ ክርስትና በተነሳች ሰሞን ደሳለኝ ሦስት ሽማግሌ አስቀድሞ መጣ። ባቄላ ተቆልቶ፣ ጠላ ቀርቦ፣ አባቴ መሀላቸው ተቀምጧል። እኔ እንደማልመለስ ለአባቴ በሰው አስነግሬው ነበር።

"ልጃችን ተከፍታለች መሰለኝ" አለ አባቴ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ያልተከፋ ትዳር የት አለና ነው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ሰው እንኳን ከሰው፣ ከራሱስ ይጋጭ የለ? በይ ልጄ፣ ያለፈውን አታንሺው። ዝም አይነቅዝም።"

ደሳለኝ ተነስቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። ለልጅቱ ነጭ ፎጣ አምጥቶ ነበር። ሁሉም "እሰይ!" አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እማየ ከጓዳ አልወጣችም። በቅሎ ላይ ስወጣ ጥሩ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልላ ስትሰጠኝ አባቴ "የምን ብረት ነው፣ ጨረሰች እኮ አራስነቱን!" ብሎ ተቀበላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስረዝመውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የኔ ግን ነቀዘ። ልጅቱ ካለቀሰች ጥፋቱ የኔ ነው። ዝም ካለችም "ምን አጠጣሻት?" ይለኛል። አንድ ማታ እያጠባኋት ነበር። እንድተዋት ነገረኝ፣ "ትጨርስ" አልኩት። የመታኝ የምትጠባው ጡቴ ላይ ነው። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ትንሽ ነው፣ የደም ነጥብ ናት፤ ግን አፏ ውስጥ ወተትና ደም ሲቀላቀል አየሁ። በማግስቱ ያ ጡቴ ወተት አልሰጥ አለ።

በገበያው ቀን ለክትባት ስሄድ እንግዲህ ልሰደድ ብዬ አልነበረም፣ እውነቴን ነው። ነሐሴ ነበር፣ ጉሙ ወርዶ ሰው ሁለት ክንድ አያይም። ጤና ጣቢያው በሴት ተሞልቷል። ነርሷ ወጣት ናት፣ አላውቃትም። ልጅቱን ከወጋቻት በኋላ "ጡትሽን ላየው፣ ወተት አነሳት እንዴ?" አለችኝ። ገለጥኩላት።

"ይሄ ጥቁር ምንድን ነው?"

"ከሰል ነው" አልኳት። "ባለቤቴ ከሰል ነጋዴ ነው፣ ቤታችን ሁሉ አቧራ ነው።"

ጥጥ አነሳች፣ አልኮል ነከረችው፣ ቀስ ብላ ጠረገችው። አልለቀቀም። ጥጡን ገልብጣ አሳየችኝ፣ ነጭ ነው። እንደገና ጠረገች።

"ይሄ አይለቅም እህቴ" አለችኝ፣ ከኋላዬ ያሉት እንዳይሰሙ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ።

እሱን ሰምቼ ወጣሁ። በጃንጥላው ሥር ልጄን አዝዬ እስከ መንገዱ ሄድኩ። ወደ ቤት በስተግራ ነው። በስተቀኝ ሚኒባስ ቆሟል፣ ረዳቱ "እንጅባራ! እንጅባራ አንድ ሰው!" ይላል። አንድ ሰው ነኝና ገባሁ።

እንጅባራ መናኸሪያ ወረድኩ። ረዳቱ "ግምጃ ቤት! ግምጃ ቤት!" እያለ ይጮሃል። የእናቴ ቤት እኮ ነው የሚጠራው! አንድ እግሬን መኪናው ላይ አደረግሁ። ከዚያ አባቴ መሬት መሬት ሲያይ፣ ደሳለኝ ጉልበት ሲስም፣ ሽማግሌዎቹ ባቄላ ሲቆረጥሙ ታየኝ። እናቴ ቤት ብገባ የምድነው ሽማግሌ እስኪመጣ ብቻ ነው። እግሬን መለስኩት። የጆሮዬን ወርቅ ሸጬ በአዲስ አበባው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ጥሩን አለመሰናበቴ ነው።

አዲስ አበባ ሕፃን ያዘለች ሠራተኛ የሚቀጥር የለም። "ጎበዝ ትመስያለሽ፣ ግን ልጁ..." ይሉኛል፣ ልጁ እንደ ቁስል ተቆርጦ የሚጣል ይመስል። በኋላ ከአንድ የዳንግላ ሴት ጋር እግዚአብሔር አገናኘኝ። ዓለሚቱ ትባላለች፣ ካምፓላ ምግብ ቤት አላት፣ ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ነው። "እዛ አዝለሽ ትሠሪያለሽ፣ ሴቱ ሁሉ አዝሎ ነው የሚሠራ" አለችኝ። ያለችው እውነት ነው። ከሷ ጋር ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ቡሲያ፣ ከቡሲያ ካምፓላ። ሰው ስደት ሲባል ባሕርና አውሮፕላን ይመስለዋል፣ እኔ ግን ከአዲስ ቅዳም እስከዚህ በመኪና ነው የመጣሁት። ወገቤ ይመስክር። ሞያሌ ላይ አንድ ወታደር "የሕፃኗ ሰነድ?" ቢለኝ የክትባት ካርዷን ሰጠሁት። ገልብጦ አየው፣ ቀና አድርጎ አየው፣ "ይህቺስ ከኛ ሁሉ ጤነኛ ናት፣ ሂጂ" አለኝ።

ካምፓላ አገሩ ለምለም ነው። ዝናቡ እንደኛው ነው፣ ብቻ አይቆይም፤ እንደ ቁጡ ሰው ደንፍቶ ይሄዳል። የኛ የእንጅባራ ዝናብ ግን ገብቶ ቁጭ ይላል እንጂ! ሙዝ ቀቅለው ሰባብረው ማቶኬ ይሉታል፣ ለምሳ ይበሉታል። የበቆሎ ገንፎውን ፖሾ ይሉታል፣ ቅቤ የለው በርበሬ የለው፤ አራስ ብትበላው ታለቅሳለች። የሳቅሁት ግን በድንች ነው። ድንችን አይሪሽ ይሉታል! የዓለሚቱ ምግብ ቤት ሥራዬ አይሪሽ መላጥ ነው። የአገው ምድር ሰው ድንች ለመላጥ ይህን ሁሉ መንገድ ይመጣል? መጣሁ።

ስደተኛ የሚመዘግበው ቢሮ ስሄድ ጠያቂዋ ወፈር ያለች ያገሩ ሴት ነበረች፣ አስተርጓሚው ደግሞ የኛው ሰው።

"ከምንድን ነው የሸሸሽው?"

"ከባሌ።"

"ባልሽ ወታደር ነው?"

"ከሰል ነጋዴ ነው።"

"የድርጅት አባል ነው?"

"የዕድር አባል ነው።"

አስተርጓሚው ሳቁን በሳል ሸፈነው። "ጦርነት ነበር ወይ ነው የምትልሽ?"

"ነበር በላት።"

"የት አካባቢ?"

"እቤት።"

ይሄኔ እስክሪብቶውን አስቀመጠና በአማርኛ "ስሚ እህቴ፣ እንዲህ አይባልም" አለኝ። "ባል መታኝ ተብሎ ወረቀት ቢሰጥ ኖሮ አገር ባዶውን ይቀር ነበር። ሌላ ነገር በይ።"

"ሌላ ነገር ስል ነው የኖርኩት" አልኩት። "ሾተላይ ስል፣ ከሰል ስል። አሁን ያልኩህን ንገርልኝ።"

ነገራት። በርግጥ እኔ ብዙ አውርቼ እሱ ጥቂት ነው የተናገረው፣ ግን ስለ ጓሮው ልጅ የነገራት መሰለኝ። ሴትየዋ መጻፏን ተወች። ዓይኔን እያየች "ሶሪ፣ ኛቦ" አለችኝ። ኛቦ በነሱ ቋንቋ እመቤት ማለት ነው። እዚህ አገር ሶሪ እንደ ውሃ ነው፣ በኋላ ነው የገባኝ። መንገድ ላይ ቢያደናቅፍህ የማያውቅህ ሰው ሶሪ ይልሃል። ያን ቀን ግን አላውቅም። ለዚያ ልጅ ጠበል ተረጭቷል፣ ሾተላይ ተረግሟል፣ "ይካስሽ" ተብያለሁ፤ ይቅርታ ያለ ሰው ግን አልነበረም። ቢሮው እስኪጨንቀው አለቀስኩ። ወረቀቱ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተሰጠኝ፣ ምን ብለው እንደጻፉበት አላውቅም።

ቤት ስከራይ ደግሞ ላንድሎርዱ፣ ሽበታም ሽማግሌ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ "ባልሽ የታል?" አለኝ።

"ባል የለኝም።"

"ባል ለሌላት አላከራይም። ኪራይ ሲዘገይ ከማን ጋር ልነጋገር?"

"አይዘገይም።"

"ይዘገያል። ይዘገይና ከሴት ጋር ልጨቃጨቅ ነው?"

"ሙዜ፣ እዚህ ግቢ ያሉት ባሎች ሁሉ ይከፍላሉ?" አልኩት፣ ዓለሚቱ እየተረጎመችልኝ፤ ሙዜ ሽማግሌን በአክብሮት መጥሪያቸው ነው። የግቢውን በሮች አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠረ። በኋላ ቁልፉን ሰጠኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያልከፈለውን ባል ሁሉ "እዩዋት እስቲ ሐበሻዋን!" እያለ በኔ ይሰድበዋል።

ደህና ሰው ነው። ሚስቱ ማማ ፕሮሲ ምግብ ስታቀርብለት ግን በጉልበቷ ትንበረከካለች፣ ባህላቸው ነው፣ ክብር ነው አሉ። እሱም "ዌባሌ" ብሎ ያመሰግናታል፣ ክፉ ሲናገራት ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ስትንበረከክ ባየሁ ቁጥር ሆዴን እይዛለሁ። ሴት መሬት ላይ፣ ወንድ ከላይ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰውነቴ ያውቀዋላ። አንዴ "ማማ ፕሮሲ፣ ተነሺ!" ብዬ ጮህኩባት። ሳህኑ ወደቀ። "ሶሪ" አለችኝ እሷው፣ እኔ ሳስደነግጣት።

ከሁሉ የከፋው ምሽቱ ነው። ካምፓላ ሲመሽ ከየበሩ ሲጊሪ የሚሉት ምድጃ ይወጣል፣ ከተማው ሁሉ በከሰል ይበስላል። እንግዲህ ፍረዱኝ! ሁለት አገር ተሻግሬ ያመለጥኩት ሰው በየምሽቱ በመስኮቴ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ሲሸተኝ ማስተዋልን አንስቼ አልጋ ሥር እገባ ነበር። እሷ ጨዋታ ይመስላትና ትስቃለች፣ እኔ አፏን እይዛለሁ። ካገሩ የወጣ፣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። ጭነቱንስ ለምጄዋለሁ፣ ሽታውን ነው ያቃተኝ። ከገበያ ማጭድ ፈልጌ ገዛሁ። እማየ ከትራሴ ሥር ነበር የምታደርግልኝ፣ እኔ ግን በሩ ሥር ነው የማስቀምጠው። እኔን የሚያስፈራኝ በበር ነው የሚገባው።

ማስተዋል አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ከኔ የተሻለ ቋንቋቸውን ታወራለች። አባቷን ጠይቃኝ አታውቅም። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ነጭ መስመር አለች፣ እሷን ግን ጠይቃኝ ታውቃለች።

ጥሩ ማግባቷን የሰማሁት በስልክ ነው። ወጥ ቤት ሆኜ እልል አልኩ፣ ድንች ላጮቹ ሁሉ አብረውኝ እልል አሉ። ባለፈው ዓመት ደግሞ እማየ ደወለች። ስንነጋገር በአዊኛ ነው፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ማንም አይሰማንም።

"የጥሩ ፅንስ ወረደባት" አለችኝ። "ስድስት ወር ገብቶት ነበር። ሾተላይ ነው አሉ። ከታላቅ ወደ ታናሽ ይሄዳል፣ በዘር ነው አሉ።"

ያን ቀን ምንም ሳልናገር ዘጋሁት። አልቻልኩም። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ግን እንደገና ደወለች። ጥሩ ድጋሚ ፀንሳለች፣ ፊቷን በሻሽ ተከናንባ ነው ገበያ የምትወጣው። ሻሽ! እኔ ሻሽ እንዴት እንደሚታሰር አውቃለሁ፣ ጉንጭን እንዲሸፍን ዝቅ ተደርጎ ነው።

"እማየ" አልኳት፣ ቢላዋውን አስቀምጬ። "የኔን የወሰደው ሾተላይ አይደለም። ደሳለኝ ነው፤ ረግጦኝ ነው።"

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ "እማየ? እማየ?" አልኩ።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምን?"

"አራስ ሆነሽ ቅቤ የቀባሁሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? ጀርባሽን አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን መለስሽኝ!" ብዬ ጮህኩ። ላጮቹ ዞረው አዩኝ።

"እኔ ነኝ የመለስኩሽ? አባትሽ ነው ከሽማግሌው ጋር የተቀመጠ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ ጠላ ስቀዳ ነበር።" ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። "ብርቄ፣ ካንቺ በፊት ሁለት ነበሩ። ያኔም ሾተላይ ነው ተባለ። አባትሽ ወጣት ነበር፣ ቁጡ ነበር።"

አባቴን ታውቁታላችሁ፣ መሬት መሬት የሚያየውን። በዘር ነው ያሉት እውነታቸውን ኖሯል።

ከዚያ "እማየ፣ እሷን አውጫት" አልኳት። "የኔስ አልፏል። ሽማግሌ ሳይገባበት፣ አባየም ሳይሰማ አውጫት።"

"በምን ብዬ? ገና አራት ወሯ ነው። ለመውለጃዋ ለመውሰድ ጊዜው አልደረሰም።" አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ፣ ገበያ ላይ እህል ስትከራከር ያላት ድምፅ ሆነ። "ቆይ። ሾተላይ አለባት አላሉም? ሾተላይ ያለባት ሴት ካረገዘችበት ቤት ካልወጣች አታረግፈውም ወይ? ደብተራው ነግሮኛል እላለሁ።"

"ደብተራው እንዲህ ብሏል?"

"ይበል አይበል ማን ይጠይቀዋል? አምና ሞተ እኮ።"

ሳቅሁ። እያለቀስኩ ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ሰኞ ጠዋት ሄደች፣ የሞተውን ደብተራ ይዛ። የጥሩ አማት ራሳቸው ፈርተው "ፈጥነሽ ውሰጂልኝ" አሏት። ባልየውም አዝሎ እስከ መኪና ሸኛት አሉኝ። አዝሎ ሲሉኝ አፍንጫዬን ያዝኩ።

ጥሩ እናቴ ቤት ገባች። ተመስገን አልኩ። ማታ ማታ ማጭዱን ከበሩ ሥር ሳስቀምጥ ለሷም እያልኩ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ሐምሌ ሲገባ ራሷ ደወለችልኝ፣ በእማየ ስልክ፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ከወዲያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል። የእንጅባራ በኩል ዝናብ፣ ገብቶ ቁጭ የሚለው።

"በላሽ?" አልኳት።

"በላሁ።"

"ይገላበጣል?"

"ሲርበኝ ይራገጣል።" ትንሽ ሳቀች። "እትየ፣ ያኔ ስጠብቅሽ 'አታዪውም' ያልሽኝን ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ።"

"አየሁት እኮ።"

"ሶሪ" ልላት ነበር፣ በኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል ጠፋኝ። "እስክትወልጂ ማንም አይነካሽም" አልኳት።

"ከዚያስ? ክርስትና ሲነሳ? ወንድ ቢሆን አርባ ነው፣ ሴት ብትሆን ሰማንያ። ያልቃል እኮ እትየ። አባየ ሽማግሌዎቹን ከወዲሁ እያናገረ ነው፣ ባቄላም አስለቅሟል።"

ዞር ብዬ ቤቱን አየሁ። ማስተዋል አልጋው ላይ ተኝታለች። ምስማሩ ላይ የአማቴ ጃንጥላ ተሰቅሏል፣ ሁለት ዘንጉ ተሰብሯል፣ አሁንም ግን ይዘረጋል።

"እትየ" አለች ጥሩ፣ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፤ ከዝናቡ የለየሁት በጭንቅ ነው። "አንቺ ያለሽበት አገር በመኪና ይደረሳል?"

መንገዱ ዛሬ እኔ እንደመጣሁበት አይደለም። ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ታጣቂ ሰውን ከመኪና ያወርዳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

"ይደረሳል" አልኳት። "እኔም በመኪና ነው የመጣሁት።"

"ሕፃን አዝሎስ?"

"ሕፃን አዝሎም።"

ከኋላዋ የአባቴ ድምፅ "ማንን ነው የምታናግሪው?" ሲል ሰማሁ።

"እትየን ነው፣ አባየ" አለችው። "እዚያም ይዘንባል ወይ እያልኳት ነው።"

ዘጋችው። እስካሁን መልሳ አልደወለችም።